ባዶ በረት

እንግዲህ ስሙኝማ። ድርቁ ካለፈ በኋላ፣ ዘማች ተማሪዎች መካነ ሰላም ገብተው መሬት በሚያከፋፍሉበት ጊዜ ነው። አንዱ ዘማች ጨው የመሰለ ማዳበሪያ በከረጢት አሸከመኝና፣ «ከእንግዲህ ከብት የለኝም ብለህ አትዘን፤ ገብስህ በዚህ ያምራል» አለኝ። እውነቱን ነው። ከረጢት ግን እምቧ አይል፣ አያመሰኳ። በሬዎቼ አልቀዋል፤ ሚስቴንና ልጄን በዚያው በድርቁ ዘመን ቀብሬያለሁ። ከደጄ የቀረኝ ባዶ በረት ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከብት ነጋዴው አያ ሰይድ ሰንጋዎቻቸውን ወደ ወረኢሉ ገበያ ሲነዱ በደጄ አለፉ። «አያ ሰይድ፣ ከብቶቹ ዛሬ እኔ በረት ይደሩ» ብዬ ለመንኋቸው። ከበሩ ሥር ከረጢቱን አይተው ሳቁ።

«ማዳበሪያ ተሰጥቶህ ደግሞ ፍግ ትለምናለህ?»

«አዎ፣ ለፍጉ ነው» አልሁ። ምን ልበል ታዲያ? የከብት ትንፋሽ ናፈቀኝ ይባላል?

ሲነጋ ከብቶቹን ነድተው ወጡ። ዞር ሲሉ እኔ በረቱ አፍ ላይ እንደቆምሁ ነኝ። ደግሞ ሳቁ።

«ምን ትጠብቃለህ? እበቱን ዝቀህ ማሳህ ላይ በትነው እንጂ!»

«ትንሽ ይቆይ፣ አያ። አላፊ አግዳሚው አይቶ፣ እዚህ ቤት ሰው አለ ይበል።»

ሳቃቸው ጠፋ። «አብሽር» ብቻ ብለውኝ ሄዱ።

በሚቀጥለው ገበያ ሳልለምናቸው ከመንገዱ ወጥተው መጡ። ሰንጋዎቹን አንድ በአንድ በረቴ አስገቡና፣ ፊቴን ሳያዩ፣ «ለፍጉ ነው» አሉኝ።