ስጦታ የሚጠቀልለው ዝንብ

እንዴት ዋልሽ የኔ እህት? ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ዛሬ ሞቆሻል አይደል? እዚህ መምህራን ክፍልም ያው ነው... መስኮቱን ልክፈተው? አይ፣ ይቅር። ከመስኮቱ ሥር አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ሰው ጋዜጣ እያነበበ ነው፣ ንፋሱ ገጹን ይገልጥበታል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ ገጽ ላይ... ምን ዓይነት ጥልቅ አንባቢ ነው በእናትሽ!

እኔማ ለነገው ባዮሎጂ እየተዘጋጀሁ ነው። ወንድ እንስሳ ሴቷን ለማግኘት የሚያየው አበሳ ነው ትምህርቱ። ጣዎሱ ያን ሁሉ ጭራ ይጎትታል፣ አጋዘኑ በቀንዱ ተፋልሞ ይደማል። ምስኪኖች! እኔን የገረመኝ ግን አንድ ዝንብ ነው። የምትበላውን አድኖ፣ ከራሱ ባወጣው ሐር ጠቅልሎ ያመጣላታል። ጨዋ አይደል? ታዲያ መሃላቸው ብልጥ አለ... ባዶ ሐር የሚጠቀልል። እሷ ፈትታ እስክትጨርስ እሱ ጉዳዩን ጨርሷል። እኔ እንዴት እንዳደነቅሁት! ማደንማ ማንም ያድናል፣ ባዶ ነገር አሳምሮ መጠቅለል ግን ተሰጥዖ ይጠይቃል።

ምነው ወደ ጋዜጣው ዞርሽ? ኧረ ስለ ዝንብ ነው የማወራው!

ስጦታሽን ግን ጠረጴዛሽ ላይ አየሁት... ሲያምር! "ቅዳሜ ቀለበት ካሰርን በኋላ ነው የሚከፈተው" ተባልሽ አሉ። ትዕግሥት የሚያስተምር ወንድ ዛሬ ከየት ይገኛል? ሰማያዊው ሪባን ጫፍ ላይ ቀይ ነጥብ አለች፣ አይተሻታል? የእስክሪብቶ ናት። ፈተና ሳርም ያንጠባጠብኳት... የዛሬ ሦስት ዓመት። እኔም ያኔ እንዲህ ያለች ካርቶን ነበረችኝ። ምን ላድርግ፣ ችኩል ነኝ፣ ከፈትኳት። የስፖርት ፈተና ወረቀት ነው የታጨቀባት፣ ተጨማድዶ... እሱም ያልታረመ። ሁለት ሳምንት አልቅሻለሁ፣ አልዋሽሽም። ስመልስለት ግን ሪባኗን እንኳን አልጣላትም፣ ይኸው እስከ ዛሬ በንጽሕና ይዟታል። ዕቃ አያያዝ እንዲህ ነው!

እኔ ምን አገባኝ? ወደ ጠረጴዛሽ ስትመለሺ ካርቶኗን አንሺና ጆሮሽ ሥር አንዴ ነቅነቅ አድርጊያት፣ ሌላ ምንም አልልሽም።

በይ ተደወለ፣ ልሂድ... ውይ፣ ጋዜጣው ወደቀበት! አንሺለት የኔ እህት፣ እጁ ላብ በላብ ሆኗል። ፈጣሪ ቅዳሜን በሰላም ያድርስልን። የሰውየውንም የልቡን ሐሳብ ይሙላለት...

ካርቶኑንም አብሮ ይሙላለት።