ጎዶማ ያልደረሰው ኢሜይል

እትዬ ጋዲሴ ከመዝገብ ቤት ወደ እኛ ሶፍትዌር ክፍል የተዛወሩ ቀን የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የወጪ ደብዳቤ መዝገባችሁ የት ነው?» የሚል ነበር። እኔና ባልደረባዬ ነጂባ ተያይተን ሳቅን። «እትዬ፣ በኢሜይል ዘመን መዝገብ የለም» አልኳቸው። ይህን ያለው ሊቅ እኔ ቦጋለ ነኝ።

እሳቸው እስከ ዛሬ ኢሜይል አትመው፣ በስተው፣ ፋይል ውስጥ ያስራሉ። ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ያኔ ለእንስሳት ሐኪሞች የክትባት ቀን የሚያሳውቅ ፕሮግራም ሠርተን፣ ኢሜይሉን የሚልክልን ድርጅት እንመርጥ ነበር። አማካሪያችን ጆን ላፕቶፑን አቅፎ ከናይሮቢ መጣ። የመረጠው ድርጅት ድረ ገጽ ሮኬት ተስሎበታል። ከሮኬቱ በቀር ጆን ያጣራው ነገር አልነበረም። እኔም ሮኬቱን አይቼ በእሱው ስዋሂሊ «ሳዋ»፣ እሺ፣ ብዬ ተስማማሁ።

እትዬ ግን ለድርጅቱ ጥያቄ ጻፉ። በዘጠነኛው ቀን «ጥያቄዎ ለእኛ ክቡር ነው» የሚል የማሽን መልስ መጣ።

«ችግር ሲገጥመን የምናወራው ከዚህ ጋር ነው?» አሉ።

«ሲስተሙን አልተረዱትም» አላቸው ጆን። እኛም እንደገና ሳቅን።

የሮኬቱን ድርጅት ያዝን። በአርብቶ አደሩ መንደር በጎዶማ የክትባቱ ዋዜማ፣ ስክሪኑ «ኢሜይሉ ደርሷል» ይላል። እትዬ አላመኑትም፤ ለጎዶማው ሐኪም ለአብዱብ ደወሉ። «የምን ኢሜይል?» አላቸው። መልእክታችን ስፓም ውስጥ፣ ማንም የማያየው የቆሻሻ ኢሜይል ሳጥን ውስጥ ተጥሏል። ክትባቱ በበረዶ ሳጥን መንገድ ላይ ነው፤ ፍየሎቹ ለግጦሽ ርቀው ሄደዋል። ጆን «በእኛ በኩል ተልኳል» ብሎ ምሳውን ሊበላ ሄደ። እትዬ ቀኑን ሙሉ ደውለው አርብቶ አደሩን ሰበሰቡ። ፍየሎቹ በማግስቱ ተከተቡ።

ቀጣዩን ድርጅት እሳቸው መረጡ። ድረ ገጹ ያስጠላል፤ «የጎዶማው መልእክት ለምን ስፓም ገባ?» ብለው ሲጽፉ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ስም ያለው ሰው መለሰ። «ጥፋቱ የእናንተም ነው፤ ኢሜይሉ የእናንተ መሆኑን የሚያረጋግጠውን ሪከርድ አልሞላችሁም» አለ።

መሙላት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እትዬ ለማንም አልተናገሩም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና «በል ሙላው፣ እጠብቅሃለሁ» አሉኝ።

ጆን ዛሬ ስለ ኢሜይል አገልግሎት አመራረጥ ሥልጠና ይሰጣል አሉ። ይስጥ። እኔ የተማርኩት ከእርስዎ ነው፤ እትዬ፣ አመሰግናለሁ። ያን ቀን ስላላዋረዱኝም ጭምር።

እንግዲህ ሶዳችሁን አንሱ። ለጡረታዎ ኦዳ መንደር ያሠሩት ቤት ሰው አይጉደልበት፣ ከብትዎ ይርባ፣ ጤና አይለይዎት። ለእትዬ ጋዲሴ።