የሚያጉረመርመው ሳጥን

ታክሲው ከጣና ዳር ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲሄድ፣ ከፊቴ አንድ ወጣት ቴክኒሻን ካርቶን ታቅፎ ተቀምጧል። አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ ጠየቁት።

“ምንድን ነው እንዲህ እንደ ሕፃን ያቀፍኸው?”

“የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ነው ጋሼ። መብራቱን መጥኖ ለኮምፒውተሩ የሚሰጥ።”

“አዲስ ነው?”

“አዲስ ነው። ስለካው ደህና ነው፤ ግን ያጉረመርማል። ፋብሪካው ውስጥ በማሽኑ ጩኸት አልሰማ ስላለኝ፣ ሐይቁ ዳር ዘመድ ቤት ወስጄ ሰክቼ አዳመጥኩት።”

“እና ምን ልታደርግ ነው?”

“ደህና ነው ብዬ አልፈርምም፤ እመልሰዋለሁ። ፈርሜ ኮምፒውተሩ ቢቃጠል አሻጥር ሠራ ይሉኛል።”

“እኔ እዚያው ሽመና ክፍል ሃያ ዓመት ሠራሁ። በጩኸቱ የተነሣ የምናወራው በከንፈር ነበር። ማሽን ሲታመም ወለሉ በእግሬ ይነግረኝ ነበር።”

“አሁን ዐረፉ በሉኛ።”

“ምን ዕረፍት አለው? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤቱ ጭር አለብኝ። ጣና ዳር የምመላለሰው ለማዕበሉ ነው፤ እሱም ነፋሱ ሲቆም ይተወኛል።”

ካርቶኑን በጣታቸው ነካ አድርገው፣

“ይኸ ያንተ ሳጥን ያቋርጣል?” አሉት።

“አያቋርጥም። ከጠዋት ጀምሮ እስክነቅለው ድረስ አንድ ዓይነት ነው።”

“ከመለስኸው ወዴት ይሄዳል?”

“ማን ይጠግነዋል ጋሼ፤ ይጣላል።”

“እንግዲያው ሳይጣል አስበኝ ልጄ። ኮምፒውተር የለኝም፤ ድምፁ ይበቃኛል።”

የልጁን መልስ ልስማ ብዬ፣ መውረጃዬ ሲያልፍ እያየሁ “ወራጅ አለ” አላልሁም።