ፒካፑ ናፍጣ ከሆነ ወዲህ

ከሶዶ ወደ በዴሳ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ወንድማማቾች በወላይትኛ ሲጨቃጨቁ ቆዩና፣ ሲብስባቸው ወደ አማርኛ ገቡ።

«የአባባን ፒካፕ ሞተር ቀይር ያለህ ማነው?» አለ ታላቅየው።

«ቤንዚን የለማ፣ ጋሼ። ሰልፍ ላይ መዋል ሰለቸኝ፣ በናፍጣ ሞተር አስቀየርኩት።»

«ናፍጣ ሰልፍ የለውም?»

«አለው። ግን ጉልበቱ ሌላ ነው። በቆሎ ጭኜ ዳገቱን ሳልለምነው ይወጣል።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን በታክሲ እንሄዳለን?»

«ጋራዥ ነው። ሞተሩ በደንብ አልገጠመም፣ ይንቀጠቀጣል።»

«አባባ ደግሞ ልጄ ጠፋብኝ እያለ ነው።»

«የምን መጥፋት? በገበያ ቀን ሁሉ በደጁ አልፋለሁ።»

«ዓይኑ እንደማያይ ረሳኸው? መኪናዋ ቤንዚን በነበረች ጊዜ ገና ከመታጠፊያው በድምጿ ያውቃት ነበር። ‹ልጄ መጣ› ብሎ ደስ ይለው ነበር። አሁን ያንን ጩኸትህን ሲሰማ ‹የእህል መኪና አለፈ› ይላል።»

«እሱን ነው እንዴ? ቀላል ነው። ከእንግዲህ ሳልፍ ክላክስ አደርግለታለሁ።»

«ክላክስ?»

«አዎ፣ እኔ መሆኔን እንዲያውቅ።»

«ቆይ አንተ፣ እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ ወርደህ ሰላም ብለኸው አታውቅም ማለት ነው?»