በስቱኮ ስለተደፈነው የሴይቼንቶ ሞተር ቁጥር

የምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ

የምስክሩ ሙሉ ስም፦ ሌንጮ ሞቱማ
ዕድሜ፦ 23
የትምህርት ደረጃ፦ 8ኛ ክፍል፣ ተጀምሮ ያልተጨረሰ
ሥራ፦ በኦቦ ጎበና ጋራዥ ረዳት መካኒክ
አድራሻ፦ ቡራዩ፣ ከአምቦ መንገድ በኮብልስቶኑ ገባ ብሎ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ 2፡30
ቃሉን የተቀበለችው፦ ረዳት ሳጅን ስንዱ ታደለ

በቡራዩና በዙሪያዋ ለምትኖሩ ሁሉ ከባድ ሐዘን እንደደረሰ አስታውቃለሁ። አንዲት የስድሳ ዓመት አሮጊት በጠራራ ፀሐይ ከገላዋ ላይ መታወቂያ ቁጥሯ ጠፍቶባት፣ እነሆ በፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ከማንጎው ሥር ታስራ ትገኛለች። (ምስክሩ በአግባቡ እንዲናገር ተነገረው።) እሺ ሳጅን። አሮጊቷ መኪና ናት።

ቃሌን በኦሮምኛ መስጠት ስችል በአማርኛ ይጻፍልኝ ብዬ የጠየቅሁት፣ በዚህ ጉዳይ ተጠርጥሮ የታሰረው የሥራ ባልደረባዬ ታመነ ከደቡብ ከመጣ ገና ስድስት ወሩ ስለሆነና ኦሮምኛው «አካም» በሚለው ሰላምታ ላይ ስለሚያልቅበት ነው። ቃሌ ሲነበብ በገዛ ጆሮው እንዲሰማ እፈልጋለሁ። ዛሬ ከሰዓት ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ስለሰማሁ በራሴ ፈቃድ መጥቻለሁ። ማንም አልጠራኝም፤ ይህም ይመዝገብልኝ።

መኪናዋ የኦቦ ኩምሳ ንብረት ናት። ኦቦ ኩምሳ የሱሉልታ ነዋሪ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ፣ መኪናዋንም ከአባታቸው የወረሱ ሰው ናቸው። እሷ ፊያት 600 ናት፤ ሰው ሁሉ ሴይቼንቶ ይላታል። ሞተሯ ከኋላ ነው። ይህን የምናገረው፣ ማክሰኞ ዕለት የመጣው ፖሊስ የፊቱን ከፍቶ ትርፍ ጎማዋን ሲመረምር ስለቆየ ነው። (ይህ አያስፈልግም ተባለ። ምስክሩ ያስፈልጋል አለ። ተመዘገበ።)

ሰኞ ግንቦት 4 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ እኔ፣ ታመነና ባለጋራዡ ኦቦ ጎበና ሞተሩን አውርደን ፈታነው። ኦቦ ኩምሳ ብሎኩ ማለትም ዋናው የሞተሩ አካል ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ እንደ ድሮው አረንጓዴ እንዲቀባ አዘዙ። «ምን ዓይነት አረንጓዴ?» ስንላቸው «የሱሉልታ ሣር» አሉ። በማግስቱ ሣሩን ራሱን በፌስታል ይዘው መጡ። ከሱሉልታ ቡራዩ ታክሲ ቀያይረው እስኪደርሱ ሣሩ ጠውልጎ ነበር፤ ቀለም ቤት ይዘነው ስንሄድ ደግሞ ደርቆ ድርቆሽ ሆነ። ረቡዕ ሌላ ሣር አመጡ። በመሀል በቀን ሦስቴ እየደወሉ «ሌንጮ ኮ፣ የኔ ሌንጮ፣ ቀለሙ እንዳይጠቁር!» ይሉኛል። ገና ቀለም አልተገዛም! ሰውየው አባቴ ቢሆኑ ስልኬን ለከብት አበላው ነበር።

ለብሎኩ ዝግጅት የተደረገው እንደሚከተለው ነው። በላምባ ታጠበ፣ በሽቦ ብሩሽ ተፈተገ፣ ዘይትና ውሃ የሚሄዱባቸው ቀዳዳዎች በጨርቅ ተወተፉ፣ ቀለም የማይነካቸው ፊቶች በፕላስተር ተሸፈኑ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተላገ፣ በቲነር ተጠረገ። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አይነካም፤ የጣት ቅባት ቀለሙን ያስለቅቃል። ይህን ሁሉ የሠራው በአብዛኛው ታመነ ነው። መዝሙር እያንጎራጎረ ሁለት ቀን ሙሉ ፈተገው። ብረት ሲፈትግ ላየው ሰው የሚያጥበው ሕፃን ነው የሚመስለው።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ። ጋራዥ ውስጥ አዲስ ሰው ሲገባ ማታለል ልማድ ነው። እኔንም ከአራት ዓመት በፊት «የጭስ ማጥለያ ተዋስ» ብለው እስከ ፉሪ በእግሬ ልከውኛል። ሄጃለሁ፣ ደክሜያለሁ፣ ተስቆብኛል፣ ሰው ሆኛለሁ። ታመነን ግን ማታለል አልተቻለም። «ከጎማ ቤት የአየር ሚዛን ተውሰህ ና» ብዬ ብልከው የጎማ አየር መለኪያውን ይዞ ከተፍ! «ይኸው ወንድሜ፣ እስከ ስድስት ሰዓት መልሱ ብለዋል» አለኝ። ጎማ ቤቶቹ የሳቁት በእኔ ነው። በሰው ተናድጄ አላውቅም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ በዚያን ቀን ተናድጄ ነበር።

ስለዚህ ረቡዕ ግንቦት 6 ቀን ከቀኑ 5 ሰዓት ገደማ አንቲረስቱ፣ ማለትም ዝገት መከላከያው፣ ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ «ታመነ፣ ብሎክ ላይ ያለ ጭረት አንድም ሳይቀር በስቱኮ ካልተደፈነ ሞተሩ ዘይት ያልበዋል» አልኩት። ስቱኮ የመኪና አካል ላይ ያለ ጭረት የሚደፈንበት ሊጥ መሰል ነገር ነው። ሞተር ላይ የሚለቀልቅ ሰው የለም፤ ሙቀት ያረግፈዋል። ያሰብኩት አንድ ማንኪያ ያህል ሲለቀልቅ ኦቦ ጎበና ይደርሱና «ማነው ይሄ ጅል!» ብለው ሲጮሁ መሳቅ ነበር። ታመነ ግን «አንድም ሳይቀር?» ብሎ ጠየቀኝ። «አንድም!» አልኩት። ይህች አንድ ቃል ናት ያሰረችው።

በዚያው ሰዓት ኦቦ ጎበና የራዲያተር ክዳን ፍለጋ ሰበታ ላኩኝ። ሰበታ ክዳኑን ለማግኘት አራት ሱቅ፣ ለመመለስ ሦስት ታክሲ ፈጀብኝ። በማግስቱ ስገባ ብሎኩ አረንጓዴ ተቀብቶ ቆሟል። ታመነ ሦስት ስስ እጅ ነው የቀባው፤ የወረደ ጠብታ የለው፣ የታየ ጉድጓድ የለው። ኦቦ ጎበና ዙሪያውን ዞረው «ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ አላየሁም፤ ሌንጮ፣ ከዚህ ልጅ ተማር!» አሉኝ። ቀልድ እንደነበር ሳልናገር ወደ ሥራዬ ገባሁ። ቀናሁ መሰለኝ። እሱ ከደፈናቸው ጭረቶች መካከል ፋብሪካው በብሎኩ ጎን ላይ የመታው የሞተር ቁጥር እንዳለበት ግን እኔንም ኦቦ ጎበናንም ትዝ አላለንም። ቁጥር ምንድነው? የተደረደረ ጭረት ነው። ታመነ መካኒክ ሳይሆን ልስን ሠሪ ሆኖ ነው ያደገው፤ ግድግዳ ላይ ጭረት ካየ ይደፍናል።

ሞተሩ ተገጥሞ፣ ማክሰኞ ግንቦት 12 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት መኪናዋ ከጋራዡ አምስት ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ወዳለው የዓመታዊ ምርመራ ቦታ ተወሰደች። መርማሪው በሊብሬው ላይ ያለውን ቁጥር ከሞተሩ ጋር ላመሳክር ቢል ያገኘው አረንጓዴ ለስላሳ ብረት ነው። በጣቱ ዳበሰው። በባትሪ አየው። ከዚያ ኦቦ ኩምሳን በአዲስ ዓይን አየና «ይቺ መኪና የማን ናት?» አላቸው። እሳቸውም «ከአንተ አባት በፊት የአባቴ ናት!» ብለው ጮሁ፤ ጩኸቱ ነገሩን አላሻሻለውም። ፖሊስ ተጠራ። የተሰረቀ ሞተር ቁጥሩን ፍቀው የሚያስገቡ አሉና፣ መጠርጠሩ አይገርመኝም።

የሚያንገበግበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጋራዥ መጥተው «የሞተሩን ቁጥር ማን ነካው?» ሲሉ እኔ ከጉድጓዱ ውስጥ ሌላ መኪና ሥር ነበርኩ። ታመነ እጁን እንደ ተማሪ አወጣና «እኔ ነኝ» አለ። «ማን አዘዘህ?» አሉት። «ባለጋራዡ ነው?» «አይደሉም።» «ባለመኪናው?» «አይደሉም።» «ታዲያ ማነው?» «ወንድሜን አልከስም።» አለቀ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «ወንድሜ» የሚባል የመኪና ሌባ ቡድን መሪ እየተፈለገ ነው። ኧረ እኔ ነኝ! ቡድን አልመራሁም፣ አንድ ሰው ብቻ ነው ያታለልኩት። ያን ጊዜ ከጉድጓዱ ወጥቼ መናገር ሲገባኝ አልወጣሁም። ፈርቼ ነው። ይህን ማስዋብ አልፈልግም።

ትናንት ምሳ ይዤለት መጥቼ በፍርግርጉ «ስሜን ንገራቸው እንጂ አንተ ሰውዬ!» ብዬ ብቆጣው «አንተ ራስህ ስትነግራቸው ይሻላል» ብሎኝ ምሳውን ከሌሎቹ ታሳሪዎች ጋር ተካፍሎ በላ። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ተኝቼ አድር ነበር። ረዳት ሳጅን ስንዱም እስከ አሁን «ቁጥሩ ለምን ተፋቀ?» ብላ አራት ጊዜ ጠይቃኛለች፤ ለአምስተኛ ጊዜ እመልሳለሁ፤ አልተፋቀም፣ ተደፍኗል! ከስቱኮው ሥር ተኝቷል! መኪናዋ ኤግዚቢት ስለሆነች ባለሙያ እስኪመጣ አትነካም ተብያለሁ፤ ባለሙያው የሚመጣው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እኔ እዚሁ በፊታችሁ ላውጣው፤ ቁጥሩ ከሌለ በታመነ ፋንታ እኔን እሰሩኝ ብዬ አመልክቻለሁ።

(ከዚህ በኋላ የጣቢያው ኃላፊ በመፍቀዳቸው፣ ባለንብረቱም በመስማማታቸው፣ ከጠዋቱ 4፡15 ላይ ምስክሩ፣ ኦቦ ጎበና፣ ኦቦ ኩምሳና ተጠርጣሪው ባሉበት መኪናዋ ተከፈተች። ቃሉ ይቀጥላል።)

ቀለም ማላቀቂያ ቀብቼ ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ። በብረት ብፍቀው ቁጥሩን ስለሚጎዳ በቀርከሃ ስንጣቂ ቀስ እያልኩ አነሣሁት። መጀመሪያ አንድ መጣ፣ ከዚያ ዜሮ። ረዳት ሳጅን ስንዱ ከሊብሬው እያየች ስትጠራ እኔ ከብሎኩ እያየሁ እመልስ ነበር። የመጨረሻው ላይ ሦስት ይሁን ስምንት አልለይ አለ። ሊብሬው ስምንት ይላል። ኦቦ ኩምሳ «ዋቃዮ፣ ዋቃዮ» እያሉ አምላካቸውን ይጠራሉ። ደግሜ ብጠርገውም አልለይ አለኝ። ታመነ «ስጠኝ፣ እንዴት እንደደፈንኩት የማውቀው እኔ ነኝ» ብሎ ስንጣቂውን ወሰደና ሁለት ጊዜ ብቻ ጠረግ አደረገ። ስምንት ሆነ። ኃላፊው ጎንበስ ብለው አዩና «በሉ ፍቱት» አሉ።

ታመነ ግን ወዲያው አልሄደም። የተላጠው ብረት ይዝጋል ብሎ ከጋራዥ የተረፈውን ቀለምና ቀጭን ብሩሽ አስመጣና፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ተንበርክኮ ቁጥሩን ሳይሸፍን ዙሪያውን ቀባው። ላግዝ ብዬ ጣሳውን ብይዝ «ሌንጮ፣ አንተ አትንካ፤ እዚያ ቁም» አለኝ። ከተዋወቅን ጀምሮ «ወንድሜ» ማለቱን ትቶ በስሜ የጠራኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። እንዳለኝ ቆሜያለሁ።

ነገሩ ሲጠቃለል የአንድ ማንኪያ ስቱኮ ጉዳይ ነው፤ ከዚህ በላይ ምንም አይደለም። ሰው ሁለት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ያደረው ግን ለዚሁ ነው።

ይህ ቃል በአማርኛ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ታመነም ሰምቶታል። ያሳቁትም ያላሳቁትም ቦታዎች እውነት መሆናቸውን፣ የጨመርኩትም የደበቅሁትም እንደሌለ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሌንጮ ሞቱማ
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ሳጅን ስንዱ ታደለ
ሲነበብ የነበሩ፦ ጎበና ዲሪርሳ፣ ኩምሳ ሊቤ