የተቀዳው ሳል

ከአሶሳ ወደ መንጌ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ የተቀመጡት አንዲት መምህርትና በአንድ ቢሮ የስልክ ንግግር የሚቀዳ ሠራተኛ ነበሩ።

«ልጆቼ ወዳሉበት አሶሳ እንድዛወር ኃላፊው በስልክ ፈቀደ፤ አሁን አላልኩም አለ።»

«አይዞሽ እህቴ! አዲሱ የቢሯችን መሣሪያ ስምንቱንም የስልክ መስመር ባንዴ እየቀዳ በቀንና በሰዓት ያስቀምጣል።»

«ታዲያ አገኘኸው?»

«አገኘሁት እንጂ! ሰላምታችሁ ብቻ ሱዳን ደርሶ ይመለሳል። ልጆቹን ጠየቀሽ፣ ጎረቤቱን ጠየቀሽ፣ ፍየሎቹን እንኳ አልረሳም።»

«ከዚያስ?»

«‹ተፈቅዶልሻል› አለና ሳለ።»

«ድምፄ አይደለም ቢልስ?»

«ድምፁን ይካድ! ያን ሳል ግን መላው አሶሳ ያውቀዋል። ሰኞ የዝውውር ኮሚቴው ይሰማዋል።»

ጋቢና የተቀመጥኩት ያ ኃላፊ እኔ፣ ጉሮሮዬን የሚከረክረኝን ሳል እስከ መንጌ ድረስ እየዋጥኩ ሄድኩ።