ነጭ ጨርቅ የለበሰው ጠረጴዛ

በዚያ ዓመት ዝናቡ አራት ወር አላባራም። ድልድዩን ጎርፍ ወሰደው፤ የገበያው ሱቅ ግማሹ ተዘጋ። ሰው ሰዓቱ ቢቆምበት እንደ ቆመ ተወው፤ የሚቸኩልለት ሥራ አልነበረውምና። ሰዓት ጠጋኙ በሳምንት ሁለት ደንበኛ ካዩ ደኅና ሳምንት ነበር። በሦስተኛው ወር ባለቤታቸው በሳንባ ምች ተኙ። ከሰባት ሳምንት በኋላ ተነሡ፤ የምግብ ፍላጎታቸው ግን አብሯቸው አልተነሣም። ሁለት ማንኪያ ቀምሰው "በቃኝ" ይላሉ። ሐኪሙም፣ "ከእንግዲህ መድኃኒታቸው ምግብ ነው፤ የሚወዱትን ይስጧቸው" ብሎ አሰናበታቸው።

የሚወዱትን። ሰዓት ጠጋኙ ይህን ቃል ይዘው ብዙ ቀን ዞሩ። ሚስታቸው ምን እንደሚወዱ አያውቁም ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሚስት ባል የሚወዱትን ሠሩ፤ ባልም የቀረበላቸውን በሉ፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ። የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት፣ በባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው ምግብ ቤት በር ሲያልፉ፣ ሚስት በመስኮቱ ወደ ውስጥ አይተው ቆሙ። ባልም "አንድ ቀን አንቺንም አስቀምጥሻለሁ" አሉ። ያ አንድ ቀን አልመጣም። ሚስት ግን በየዓመቱ አንድ ጊዜ ያህል ነገሩን ወደ ቀልድ ወስደው፣ "ዕዳህ እንዳለ ነው፤ ወለድ አልጠይቅም" ይሉ ነበር። ከታመሙ ወዲህ ይህን ቀልድ ተዉት። ባልን ያስፈራቸው ይህ ነው።

ዝናቡ ባቆመ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ሰዓት ጠጋኙ ከዚያው ምግብ ቤት ደጃፍ ቆመው በመስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የዋጋ ዝርዝር ያነባሉ። በብብታቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። በጎን በኩል ካለው በር ነጭ ሽርጥ የታጠቀች ወጣት የድንች ልጣጭ የሞላ ባልዲ ይዛ ወጣች። የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት፤ የምግብ ዝግጅት ሁለት ዓመት ተምራ ከጨረሰች ወዲህ እዚህ ወጥ ቤት ትሠራለች።

"ጋሽ ደቂቃ" አለች። የሰፈሩ ሰው የሚጠራቸው እንዲህ ነው፤ ከቀጠሮ አንድ ደቂቃ አሳልፈው አያውቁምና። "ምነው፣ እዚህ የቆመ ሰዓት አለ እንዴ?"

"የቆምኩት እኔ ነኝ።"

"የያዙትስ ምንድን ነው?"

"ቶርኖዋን።"

ልጅቱ ባልዲውን መሬት አስቀመጠች። ያቺን ትንሽ ቶርኖ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። ከገበያ የጠፋ የሰዓት ጥርስ ቀርጸው የሚያወጡባት፣ ከሙያ አባታቸው የወረሷት መሣሪያ ናት።

"ሊያስጠግኗት ነው?"

"ልሸጣት ነው። ገዥ አግኝቻለሁ። እሑድ እዚህ ለሁለት ሰው ምሳ አዝዛለሁ። ዓሣ፣ ድንች፣ መጨረሻ ላይ ጣፋጭ።"

"ሰኞስ?"

"ሰኞ ምን?"

"ሰኞ በምን ይሠራሉ?"

ጋሽ ደቂቃ የዋጋውን ዝርዝር እንደገና ማንበብ ጀመሩ።

"ጋሼ፣ አይቆጡኝ እንጂ ይህ ለአንድ ፍሬ ብሎ ዛፉን መቁረጥ ነው።"

"ቃል ነው፣ ልጄ። ቃል ስንት ያወጣል አይባልም።"

"ቃሉን ይጠብቁ እንጂ፤ ማን ከለከለዎት። መንገዱን ብቻ ይለውጡ። ይህንኑ ምግብ በቤትዎ ይሥሩት።"

ጋሽ ደቂቃ ሳቅ አይቀናቸውም፤ አሁን ግን በአፍንጫቸው ሳቁ። "የምግብ ቤት ምግብ በቤት! ይህማ ማስመሰል ነው። የውሸት ነው።"

"አምና የእናቴ ሰዓት ጥርሱ ተሰብሮ አልነበር? ያንን ጥርስ ማን ሠራው?"

"እኔ።"

"ፋብሪካው አይደለም?"

"ፋብሪካው ከተዘጋ ሃያ ዓመቱ ነው።"

"ታዲያ ሰዓቱ የሚሄደው በውሸት ነው?"

ጋሽ ደቂቃ ቶርኖዋን ከቀኝ ብብታቸው ወደ ግራ አዛወሯት። ሰው ምክር ቶሎ የሚገባው ከገዛ ሙያው ሲቀዳለት ነው፤ ልጅቱ ይህን በትምህርት ቤት አልተማረችውም፤ ከእናቷ ወርሳው ይሆናል። ነገር ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ሽማግሌው ገና አልለቀቁም።

"ምግቡ ተራ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ዋጋ ባልለጠፉበት" አሉ።

"ዋጋው የዓሣው መሰለዎት? የቤቱ ኪራይ አለ፤ መብራቱ፣ የጨርቁ አጠባ፣ የእኔ ደመወዝ፣ የባለቤቱ መኪና አለ። እርስዎ ለማይጋልቡት ፈረስ የመኖ ዋጋ ለምን ይከፍላሉ? ዓሣው እንደሆነ ከዚያው ከገበያ ነው የሚመጣው። ሻጩ እኩለ ቀን ሲቃረብ ዋጋ ይቀንሳል፤ ሳይበለት ሙሉውን ቢገዙት ደግሞ ይብሱን ይረክሳል። ራሱንና አጥንቱን ቀቅለው ለማታ ሾርባ ያደርጉታል። ያ የሚንኮሻኮሸው የዓሣው ልባስ ምን ይመስልዎታል?"

"ምንድን ነው?"

"የደረቀ ዳቦ። እርስዎ ለወፍ የሚበትኑት።"

"ዳቦ?" አሉ ጋሽ ደቂቃ።

"ዳቦ። ሁሉም ነገር ቤት ይሠራል አልልዎትም። እዚህ ትልቅ ምድጃ የሚጠይቅ አለ፤ እሱን ይተዉት። ዓሣው፣ ድንቹና ጣፋጩ ግን ከአንድ መጥበሻና ከአንድ ድስት አያልፉም። እኔ አሳይዎታለሁ።"

"ለእኔ?"

"ለማን ታዲያ? እትዬ ገና ከሕመም መነሣታቸው ነው፤ ለራሳቸው ግብዣ ራሳቸው ሊሠሩ ነው?"

"አንቺ ልጅ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ወጥ ቤት ገብቼ መጥበሻ ልይዝ? ሰው ምን ይለኛል?"

"እዚህ ወጥ ቤት ሰባት ሰዎች ነን፤ አምስቱ ወንዶች ናቸው። አለቃችን እስከ ደረቱ ጢሙን ያወረደ ሰው ነው፤ ለጢሙ ሁሉ መረብ ያስራል።"

"እነሱ ለደመወዝ ብለው ነው።"

"ለደመወዝ ሲሆን ያላሳፈረ ለትዳር ሲሆን ነው የሚያሳፍረው?"

አሁን የሽማግሌው ዓይን ከዋጋው ዝርዝር ላይ ወረደ። አንድ ክርክር ብቻ ቀርቷቸው ነበር፤ እሱንም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩት። "ቃል የገባሁላት ግን እዚህ ነው። በዚህ ቤት።"

"እርግጠኛ ነዎት? ያን ቀን ምን ነበር ያሏቸው?"

ጋሽ ደቂቃ በመስኮቱ ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ጠረጴዛዎቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል። ያን ቀን አንዲት ሴት ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ አስተናጋጁ ዓሣ በሳህን አቀረበላት። ሚስታቸው ስለ ዓሣው አንድም ቃል አልተናገሩም። ያሉት "አየሃት፣ እጇን አጣጥፋ ስትቀመጥ" ነው። እሳቸውም "አበላሻለሁ" አላሉም፤ "አስቀምጥሻለሁ" ነው ያሉት።

"ልጄ" አሉ፣ "ያ ዳቦ ምን ያህል መድረቅ አለበት?"

ቶርኖዋ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በልብስ ሰፊዋ ቤት ሙከራ ተደረገ። ጋሽ ደቂቃ ዳቦውን በጠርሙስ ዳምጠው ፍርፋሪ አደረጉት፤ ሁሉም እኩል ካልሆነ ብለው እየለቀሙ ዳግመኛ ዳመጡት። ዓሣውን በዱቄት፣ በተመታ እንቁላል፣ ከዚያ በፍርፋሪው አለፉት። እስከዚህ ደኅና ነበር። ቀጥሎ ግን ሌላ ሰው የማይሠራውን ስሕተት ሠሩ። ዘይቱ ሳይግል ዓሣውን ጨመሩና ሰዓታቸውን አውጥተው ልክ ሦስት ደቂቃ ቆጠሩ። በሦስተኛው ደቂቃ ሊገለብጡት ሲሉ ልባሱ ከመጥበሻው ጋር ቀረ፤ ዓሣው ዘይት ጠጥቶ ራቁቱን ወጣ።

"ሦስት ደቂቃ ብለሽ ጻፍሽልኝ" አሉ ቅር ብሏቸው። "ሦስት ደቂቃ ነው። ይህ ሰዓት አይሳሳትም።"

"ሰዓቱ አልተሳሳተም። መጥበሻው ሰዓት አያውቅም እንጂ" አለች ልጅቱ። "ሰዓት ሲመጣልዎት መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?"

"አዳምጠዋለሁ።"

"ይህንንም ያዳምጡት።"

ዘይቱ እስኪግል ጠበቁ። ልጅቱ አንዲት ፍርፋሪ ጣለች፤ ፍርፋሪዋ ወዲያው ጮኸች። ዓሣው ሲገባ ድምፁ ቤቱን ሞላው፤ ቆይቶ ውኃው ሲያልቅ እየቀጠነ መጣ። ጋሽ ደቂቃ አንገታቸውን አዘንብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። "አሁን" አሉ። ገለበጡት፤ ወርቅ መስሎ ተገለበጠ።

"እኔ ይህን ለመስማት ስድስት ወር ፈጅቶብኛል" አለች ልጅቱ።

"እኔ አርባ ዓመት" አሉ ሽማግሌው።

ድንች ሁለት ጊዜ እንደሚጠበስ፣ አንዴ በቀስታ፣ አርፎ ደግሞ በኃይል፣ በዚያው ቀን አወቁ። ለጣፋጩ ስኳር እስኪቀላ አቅልጠው በስኒ ሥር አፈሰሱ፤ ወተቱንና እንቁላሉን መትተው ከላይ ጨመሩና ስኒዎቹን ውኃ ባለው ድስት ውስጥ አበሰሉ። ስኒው በሳህን ላይ ሲገለበጥ ቀይ መረቁ በዙሪያው ወረደ። ጋሽ ደቂቃ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። "ይህን ነበር እንዲያ የሚያስከፍሉበት?" አሉ።

እሑድ እኩለ ቀን ሲቃረብ ልብስ ሰፊዋ መጥታ ሚስትየውን፣ "ፀሐይ ትንሽ እንሙቅ" ብላ ይዛቸው ወጣች። በግድ ደኅና ቀሚሳቸውን አስለበሰቻቸው። ሲመለሱ በሩ ተዘግቷል። ሚስት አንኳኩ። ጋሽ ደቂቃ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ በክንዳቸው ፎጣ ጥለው ከፈቱ። ከኋላቸው የዘወትር ጠረጴዛቸው ይታያል፤ በካውያ የተተኮሰ የአልጋ አንሶላ ለብሷል።

"እትዬ፣ ቦታ አስይዘዋል?" አሉ ኮስተር ብለው።

ሚስት ጠረጴዛውን አዩ፤ ባላቸውን አዩ። "ካስያዝኩ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው" አሉ።

ወንበር ተሳበላቸው፤ ተቀመጡ። ዓሣው ሲቀርብ ከልማድ የተነሣ ጨው ሊያመጡ ብድግ አሉ። "ተቀመጪ" አሉ ባል። ድንቹ ሲቀርብ ሹካ ሊያነሡ ብድግ አሉ። "ተቀመጪ።" ሎሚው ሲቀርብ ግን አልተነሡም፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ጠበቁ። ሎሚ ጨምቀው በሉ። ፍርፋሪው በጥርሳቸው ሲንኮሻኮሽ በክፍሉ ውስጥ ይሰማ ነበር። ጋሽ ደቂቃ ከምድጃው አጠገብ ቆመው ያንን ድምፅ ያዳምጣሉ። በሁለተኛው ጉርሻ "በቃኝ" የሚለውን ቃል ይጠብቁ ነበር። አልመጣም። ሳህኑ ጸዳ።

"ይህ ምን ለብሶ ነው?" አሉ ሚስት።

"የደረቀ ዳቦ።"

"ሂድ ወዲያ።"

"በእግዜር። ለወፍ የምበትነው።"

ሚስት ሳቁ፤ ሳቁ ሳል አላስከተለም። ባል ይህንንም አዳመጡ።

ከዚህ የተገኘውን ጥቅም ለአንባቢ ገልጦ መናገር ይገባል። የምሳው ወጪ የምግብ ቤቱን ሩብ አልሞላም፤ ከአጥንቱ ደግሞ የማታ ሾርባ ወጣ። ቶርኖዋ ስላልተሸጠች ሰኞ ዕለት አንድ ጥርስ ተቀረጸባት። የሚስትየው ጉልበት በወሩ ተመለሰ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ሽማግሌው በወር አንድ እሑድ መጥበሻ ይይዛሉ፤ ሰው ምን እንደሚላቸውም እስከ ዛሬ አልሰሙም። ምግብ ቤት መግባት ነውር አይደለም፤ ያለው ይግባ። የሌለው ግን ደስታን ከመስታወት ውጭ ቆሞ አይመልከት፤ አብዛኛው በገዛ መጥበሻው ይገኛል፤ የሚጎድለው የሚያቀርበው እጅ ነው።

ያን እሑድ ጣፋጩ ካለቀ በኋላ ጋሽ ደቂቃ ሳህኖቹን ሰበሰቡ። ሚስት እንደ ተቀመጡ ጣታቸውን ከፍ አደረጉ።

"አስተናጋጅ፣ ሂሳብ።"

"አንቺ ከፍለሻል" አሉ ባል። "ያልከፈልኩት እኔ ነበርኩ።"

ሚስት በነጩ ጨርቅ ላይ የቀረችውን ፍርፋሪ በጣታቸው አንሥተው ቀመሱ።

"እንግዲህ ተከፍሏል" አሉ። "ወለዱን ሳህኖቹን ስታጥብ ትጨርሰዋለህ።"